የኮፍያ ክር

በፋብሪካው መስመር የእኔ ሥራ ነበር
በጃኬት ኮፍያ አፍ ዙሪያውን ክር ማዞር፣
በጠባቡ ቦይ ውስጥ መርፌ ማሽከርከር፣
ሁለት ጫፉን ስቦ ጠበቅ አርጎ ማሰር።
በሰዓት ዘጠና። ካነሰ ስድብ አለ፣
ከበለጠ ምንም የለ።
የጋዚፑር ሙቀት ቆርቆሮ ሲያቀልጥ፣
በረዶ አገር ላለ ለማላውቀው ልጅ
ጆሮውን እንዳይበርደው
የኮፍያውን አፍ ሳጠብቅለት፣
የራሴ ሁለቱ
ባልጠበቀ አፍ ሾልከው ሄዱ።

አንዱ በሃያ ሳምንቱ፣ በፋብሪካው ደረጃ፤
ምጥ የለ፣ ጩኸት የለ፣ አንዲት እርምጃ።
ሁለተኛው በጎርፉ ጊዜ፣ ጀልባ ስንጠብቅ።
ስም አላወጣንለትም።
አማቴ "ዓይን ነው" አለች፤
አለቃዬ "ሳታስፈቅጂ ቀረሽ" አለ፤
እኔ ዝም አልኩ፣
ዝምታ ከደሞዝ አይቆረጥማ።

ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ።

ሃያ ሁለት ሳምንት ከሁለት ቀንሽ ላይ
ከታች ከበደኝ። ሕመም እንዳልለው
ሕመም አይደለም፤ የተንጠለጠለ ነገር ነው።
አባትሽ አፍዛል ባጃጁን አስነሣ፣
በየጉድጓዱ ላይ
ይቅርታ እየጠየቀኝ ነዳ።

ዶክተር ማህጃቢን መብራቱን አስጠግታ አየች።
እኔ ደግሞ ፊቷን አየሁ፤
ፊት ማንበብ ከመስመር አለቆች ተምሬያለሁ።
"በሩ ተከፍቷል፤ የእንሽርት ውሃው ከረጢት ብቅ ብሏል።
ካልሰፋነው ለነገ አያድርም፣
ብንሰፋውም ቃል አልገባም፤
መርፌው ከነካው ይፈሳል።
ግማሽ በግማሽ ነው። እዚህ ጋ ፈርሚ።"
ፈረምኩ። ሞርጂና፣ አራት ፊደል፤
እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ የተንቀጠቀጠው ወረቀቱ ነው።

አልጋውን በእግሬ በኩል በጡብ አነሡት፤
ራሴ ወደ ታች፣ ጣሪያው እግሬ ሥር፣
አንቺን ወደ እኔ ለመመለስ
ምድርም እንድታግዝ ለመኑ።
ወገቤ ላይ አማቴ ያሰረችው ቀይ ክር አለ፣ ከነክታቡ።
ነርሷ መቀስ ስታነሣ
"ተዪው፣" አለች ዶክተሯ፣ "ፈቀቅ አድርጊው ብቻ፤
ዛሬ ክር አይበዛብንም።"

ከዚያ መብራት ጠፋ።
ጄኔሬተሩ እስኪያጓራ ሰባት ቆጠርኩ፤
በሰባቱ ውስጥ ማንም አልተነፈሰ፣
መርፌውም።

ከወገቤ በታች የሌላ ሰው ነበርኩ።
ግን ክሩ ሲዞር አወቅሁት፣
ሳይሰማኝ አወቅሁት፦
ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፣
ዙሪያውን ጨርሶ ተሳበ፣ ተቋጠረ።
"ይሄ የኮፍያ ስፌት ነው" አልኩ።
"ማደንዘዣው ነው የሚያስለፈልፋት" አለች ነርሷ።
ዶክተሯ ግን ሳቀች፦
"እናንተ ጋ በሰዓት ስንት ትሠራላችሁ?"
"ዘጠና።"
"እኔ አንድ" አለች።

ነፍሰ ጡርን ሰው ሲመርቅ "በሰላም ይፍታሽ" ይላል።
ጎኔ ያለችው ሴት ሌሊቱን ሙሉ
"ፍታኝ፣ ፍታኝ" እያለች ታነጋለች።
እኔ ግን በተገለበጠው አልጋዬ ላይ
ያ ረቢ፣ እሰረኝ እላለሁ፤
የቋጠርክብኝን ፍሬ
ቋጥረህ አቆይልኝ፤
መፍታቱን በቀኑ ትፈታኛለህ።

ዛሬ ሃያ ስምንት ሞላሽ።
በወንበሬ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች ይላሉ፣
አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እጇ ፈጣን ነው።
አባትሽ ማታ ማታ ሙዝ ይዞ ይመጣል፤
እኔን ሳይሆን መጀመሪያ ጡቡን ይነካል፣
እንዳልተነቃነቀ።

በሠላሳ ስድስት ሳምንት ትቆርጠዋለች፣ ከደረስን።
የዚያን ዕለት ክሩን ስጡኝ እላለሁ፤
እንደ ልማዴ ብርሃን ላይ ዘርግቼ አየዋለሁ።
ስፌቷ ጠማማ ቢሆንም
አልመልስባትም።

አሁን ረገጥሽኝ።
ቀስ በይ፤
የሰው የሌሊት ሥራ ነው።